መብራት ሲሄድ የሚረሳው ሰርቨር

ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ነገር ሰንሰለት ነው፤ አንዱን ቀለበት የዘለለ ሌላውን አያገኘውም።

ወንዙ ሞልቶ የቆላውን መንደሮች ጠርጎ በወሰደበት ክረምት፣ ዘሀራ የምትባል ሴት የተጠፋፉ ዘመዶችን በሚያገናኝ ማዕከል ውስጥ ትሠራ ነበር። ተፈናቃዩ በየጣቢያው ተበትኗል፤ እናት እዚህ ናት፣ ልጅ እዚያ። የየጣቢያው ሠራተኛ የሰዉን ቃል ተቀብሎ ወደ ማዕከሉ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ የሚይዘው ስም ብቻ አልነበረም፤ ዝምድናን ጭምር እንጂ። ከድር የፋጡማ ባል ነው፣ ፋጡማ የአሊ እህት ናት ብለው ከነገሩት፣ ከድር የአሊ አማች መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያወጣል። ወረቀት ይቅር፣ ሁሉም በእሱ ይሁን ተብሎም ነበር።

አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት። መብራት ሲሄድ የነገሩትን ሁሉ ይረሳል። በዚያ ክረምት ደግሞ መብራቱ ከመምጣት መሄድ ይቀናው ነበር።

ሐዋ የምትባል እናት ትንሽ ልጇ ሉባባ በጎርፉ ጠፍታባት ወደ ማዕከሉ መጣች። ቁጭ ብላ ሁሉንም ተናገረች። መብራት ሄደ፤ ቃሏም አብሮ ሄደ። ተጠርታ መጣችና እንደገና ተናገረች። እንደገና ሄደ። ዘሀራ ለሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቃት ሐዋ ከወንበሩ ተነሣች።

«ልጄን ሁለት ጊዜ ሰጠኋችሁ፤ ሁለቴም ጣላችኋት» አለች። «የሚይዝ ነገር ካላመጣችሁ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም።»

ዘሀራ አልተቀየመቻትም። እውነቷን ነው አለች በልቧ። የፈለገችውም ያችኑ አንዲት ትንሽ ነገር ነበር፤ ሰርቨሩ የነገሩትን እንዲይዝ።

ወደ ባለሙያው ወደ አብነት ሄደች። አብነት ነገሩን አፍታትቶ አስረዳት። ሰርቨሩ ሲተከል የሚሰማውን ሁሉ በሜሞሪ ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ነው፤ ሜሞሪ ደግሞ መብራት ሲሄድ ባዶ ይሆናል። መድኃኒቱ ዲስክ ላይ የራሱን ፎልደር ሰጥቶ፣ ያወቀውን ሁሉ እዚያ እንዲጽፍ፣ ሲነሣም ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ነገር ግን ያለው ዲስክ እስከ አፉ ሞልቷል። አዲስ ዲስክ ካልመጣ እጄን አላስገባም አላት።

ሐዋ አትናገርም፣ ሰርቨሩ ካልያዘ። ሰርቨሩ አይዝም፣ አብነት ካላስተካከለው። አብነት አያስተካክልም፣ ዲስክ ካልመጣ።

«ይመጣል» አለች ዘሀራ፤ ወደ ንብረት ክፍል ወረደች።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ደሳለው ዲስክ አላጡም። መደርደሪያው ላይ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ በጣታቸው አሳዩአት። ግን ኃላፊው ሳያዝ ከዚህ ክፍል ክር አይወጣም አሉ። ዘሀራ ሐዋ የምትባል እናት እንዳለች፣ ልጇ እንደጠፋች ነገረቻቸው። ጋሽ ደሳለው አዘኑ፤ ከልባቸው ነበር ያዘኑት። እያዘኑም በሩን ቆለፉ።

ሐዋ አትናገርም፣ ሰርቨሩ ካልያዘ። ሰርቨሩ አይዝም፣ አብነት ካላስተካከለው። አብነት አያስተካክልም፣ ዲስክ ካልመጣ። ዲስኩ አይወጣም፣ ኃላፊው ካላዘዙ።

«ያዛሉ» አለች ዘሀራ፤ ደረጃውን ወጣች።

ኃላፊው አቶ ከፍያለው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጠበቀች። ሲወጡ ወደ ሌላ ስብሰባ ሊገቡ ነበርና በሩ ላይ ቆመችባቸው። ዲስኮቹ የተገዙት ለሌላ ሥራ ነው፤ ዞን ሳይፈቅድ ብነካቸው የምጠየቀው እኔ ነኝ አሏት። እስኪፈቀድ ሰዎቹ ደግመው ይናገሩ እንጂ፣ መናገር ምን ይከብዳል ብለውም ጨመሩ። ዘሀራ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው፤ እሳቸው ናቸው ቀድመው ያቀረቀሩት።

ሐዋ አትናገርም፣ ሰርቨሩ ካልያዘ። ሰርቨሩ አይዝም፣ አብነት ካላስተካከለው። አብነት አያስተካክልም፣ ዲስክ ካልመጣ። ዲስኩ አይወጣም፣ ኃላፊው ካላዘዙ። ኃላፊው አያዙም፣ ዞን ካልፈቀደ።

«ይፈቅዳል» አለች፤ ጃንጥላ እንኳ ሳትይዝ በዝናቡ ተሻግራ ዞን ገባች።

እዚያ ፈቃድ የሚሰጡት ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። ሲያዩዋት ክፉ ሰው አይመስሉም፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ እስከ መጨረሻውም ሰሟት። ከዚያ በኋላ፣ ማዕከሉ ሥራ መሥራቱን በምን አውቃለሁ አሉ። እስካሁን ስንት ቤተሰብ እንዳገናኛችሁ ከሰርቨሩ ሪፖርት አውጥታችሁ አምጡ፤ እሱን ካየሁ ዛሬውኑ እፈቅዳለሁ አሏት።

ዘሀራ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። ዝናቡ ውስጥ ቆማ በጣቷ ቆጠረችው። ሐዋ አትናገርም፣ ሰርቨሩ ካልያዘ። ሰርቨሩ አይዝም፣ አብነት ካላስተካከለው። አብነት አያስተካክልም፣ ዲስክ ካልመጣ። ዲስኩ አይወጣም፣ ኃላፊው ካላዘዙ። ኃላፊው አያዙም፣ ወይዘሮ ትርንጎ ካልፈቀዱ። ወይዘሮ ትርንጎ አይፈቅዱም፣ ሪፖርት ካላዩ። ሪፖርቱ አይወጣም፣ ሰርቨሩ ካልያዘ። ሰርቨሩ ደግሞ አይዝም።

ዞሮ ዞሮ እዚያው። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ ይተኛ ነበር። ዘሀራ ግን ቀጥ ብላ ወደ ጣቢያው ሄደችና ሐዋን ከድንኳኗ ጠራቻት።

«እትዬ ሐዋ፣ የማይቻለውን ሁሉ ጠይቄ ጨረስኩ» አለቻት። «እኔ አልተውኩም። አንቺስ?»

ሐዋ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ አስነገረቻት። ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አጥብቃ፣ «ወደዚያች ሴት ውሰጂኝ» አለች።

ወይዘሮ ትርንጎ ፊት ለፊት ቁጭ አለችና አልናገርም ያለችውን ሁሉ ተናገረች። ልጇ ሉባባ ትባላለች። አባቷ ኑርዬ ሳትወለድ ነው የሞተው። ያሳደጋት የሐዋ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ጀማል ነው፤ እሱንም ጎርፉ ወስዶታል። የመንደሯን ስም፣ የራሷን እናት ስም፣ ልጇን መጨረሻ ያየችበትን የዋርካ ጥግ ተናገረች። ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አዳመጡ።

«አሁን አንቺ ያዢልኝ» አለች ሐዋ። «ነገ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

በማግሥቱ ሁለቱም መጡ። ሐዋ ልጄ ማን ትባላለች ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ትርንጎ ሉባባ አሉ፤ ደስም አላቸው። አባቷስ? ጠፋባቸው። ወንድሜስ? ከማል አሉ። መንደሬስ? እስክሪብቷቸውን እያገላበጡ ቆዩና፣ በመካከል ብዙ ሥራ ነበረብኝ፣ ደግሞም እኔን እዚህ ድረስ መጥቶ መፈተን ነውር ነው ብለው ተቆጡ።

ሐዋ ድምፅዋን አላነሣችም። «አልፈረድኩብሽም፣ እህቴ። አንቺ ያደረብሽ አንድ ሌሊት ነው። ያ ማሽን ስንት ጊዜ ጨለመበት? ከእሱ ሪፖርት ከፈለግሽ መጀመሪያ መያዣ ስጪው። ሳትሰጪው ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

አልተነሣችም። ዘሀራም አጠገቧ ተቀመጠች። ባለጉዳይ ገባ፣ ወጣ፤ እነሱ አልተነቃነቁም። በመጨረሻ ወይዘሮ ትርንጎ ስልኩን አነሡ። ማንንም አላዩም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተፈታ። ወይዘሮ ትርንጎ ያለ ሪፖርት ፈቀዱ። ወይዘሮ ትርንጎ ቢፈቅዱ አቶ ከፍያለው አዘዙ። አቶ ከፍያለው ቢያዙ ጋሽ ደሳለው በሩን ከፈቱ። ጋሽ ደሳለው በሩን ቢከፍቱ ዲስኩ ወጣ። ዲስኩ ቢወጣ አብነት እጁን አስገባ፤ ዲስኩን ገጠመ፣ ፎልደሩን ሠራ፣ ሰርቨሩንም እዚያ ጻፍ፣ ከዚያ አንብብ ብሎ አስተካከለው። አለቀ አለ።

«ሶኬቱን ልንቀለው» አለች ዘሀራ።

አብነት ይቅር፣ ይበላሻል አላት። ነቀለችው። መልሳ ብትሰካው ሰርቨሩ ተነሣ፤ ባዶውን። አብነት አንገቱን ደፋ። ፎልደሩን ሠርቶለታል እንጂ እንዲጽፍበት አልፈቀደለትም ነበር። ፈቀደለት። ዘሀራ የራሷን ስም ከእናቷ ስም ጋር አስገባችና ደግማ ነቀለችው። ደግማ ሰካችው። ስሟ ከነእናቷ ቁጭ ብሏል።

ሐዋም ሰርቨሩ ቢይዝ ተናገረች። ይህ የመጨረሻዬ ነው ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች።

መብራት ሄደ፣ መጣ። ደግሞ ሄደ፣ መጣ። በመካከሉ ከሩቅ ጣቢያ አንድ ቃል ገባ። ሙና ነኝ የምትል ትንሽ ልጅ ተገኝታለች። የእናቷን ስም ስትጠየቅ እማዬ ከማለት በቀር ሌላ አታውቅም፤ ግን ልብስ ሰፊው ጀማል የእናቴ ወንድም ነው ብላለች። ለካ ይህች ልጅ ቀደም ሲልም ይህንኑ ተናግራ ነበር፤ የእሷ ቃል ሲገባ የሐዋ ጠፍቶ፣ የሐዋ ሲገባ የእሷ ጠፍቶ፣ ሁለቱ ቃል አንድ ቀን እንኳ አብሮ አላደረም። አሁን አብሮ አደረ። ሰርቨሩ የጀማልን እህት ከጀማል የእህት ልጅ ጋር አገጣጠመና ለዘሀራ አወጣላት።

ዘሀራ ለሐዋ ስትነግራት፣ ሐዋ ወንድሜ ጀማል ነው ሙና የሚላት አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ልጅቷን የጫነው መኪና ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሐዋ ጭቃውን እየረገጠች ሮጠች፤ ሉባባ፣ ሉባባዬ እያለች ከመኪናው አወረደቻት። ልጅቷ አንገቷ ሥር ገብታ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ቀና ብላ፣

«ሙና ነኝ» አለቻት።

«እሺ» አለች ሐዋ፤ «ሙና ነሽ።»

ተረቴም እስከዚህ ድረስ ነው፤ እኔ ጨረስኩ፣ እናንተ ያዙት።