መብራቱን ያጠቆረው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበር፤ ደምሰው ይባላል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ሲነዳ አንድም ቀን ሰው ላይ ጉዳት አላደረሰም። የጣርማበርን ቁልቁለት እንደ ግቢው ያውቀዋል። መኪናው አዲስ ባትሆንም ፍሬኗ በየጊዜው የሚታይ፣ ጎማዋ የሚጠበቅ፣ ወንበሯ የሚወለወል ነበረች። ደምሰው ኑሮው የተትረፈረፈ ሰው አልነበረም፤ ግን ማታ ተኝቶ እንቅልፍ የሚወስደው፣ ጠዋት ሲነሳ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ይህ ሁሉ እስከ አንድ ሰኞ ጠዋት ድረስ ነው።

በዚያ ሰኞ ጎረቤቱ ልሳኑ ሚኒባሱን ይዞ መናኸሪያ ገባ። ልሳኑ መንዳት ከጀመረ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ መኪናውም ከደምሰው መኪና ይልቅ ያረጀችና ብዙ የተደበደበች ነበረች። ያን ቀን ግን የፊት መብራቶቿ ሌላ ሆነው መጡ። ልሳኑ እሁድ ዕለት በግቢው ውስጥ መብራቶቹን ፈትቶ፣ የፊት መስታወታቸውን አላቆ፣ የውስጥ ገላቸውን ጥቁር ቀብቷቸው ነበር። ነጣ ያለው ሁሉ ጠቁሮ፣ በመካከል አምፖሉ የተቀመጠበት ክብ ሳህን ብቻ እንደ ብር ያብረቀርቃል። ያቺ አሮጌ መኪና ዓይኗን ኩል ተኩላ የወጣች ሴት መሰለች።

ሰው ተሰበሰበ። ተራ አስከባሪው ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየና፣

"ከውጭ አስመጥተህ ነው?" አለው።

"ኧረ ወዲያ! እኔው ራሴ ቤት ውስጥ የሠራሁት ነው" አለ ልሳኑ እየሳቀ።

ደምሰውም ተጠግቶ አየ። መብራቱ አምሮበታል። "ያምራል" ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ግን የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

"ትንሽ አቧራ ይጠጣና እናየዋለን" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምሰው ዓይኑን ከልሳኑ መኪና ላይ መንቀል አቃተው። ተራ ሲይዝ ከፊቱ ያያታል፤ መንገድ ላይ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው ያያታል። ሰው ወደ እሷ ሲዞር ልቡን ትንሽ ይወጋዋል። የራሱን መኪና ፊት ለፊት ቆሞ ሲመለከታት፣ ትናንት ንጹሕ የነበረው መብራቷ ዛሬ የታመመ ሰው ዓይን መስሎ ታየው። አሥራ ሁለት ዓመት ያበላችውን መኪና አፈረባት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ሚስቱ ውድነሽ ግን አንድ ቀን እራት ላይ ሳታስበው ተናገረች። የእህቷ ልጅ ልትዳር ሽር ጉድ የሚባልበት ሰሞን ነበር።

"ለሚዜዎቹ የልሳኑን መኪና ነው የያዙት አሉ" አለችው።

ደምሰው እጁን ከገበታው ላይ አነሣ።

"የእኔስ?"

"ያንተማ ሽማግሌዎቹን ትወስዳለች። ልጆቹ ለፎቶ ታምራለች ብለው ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። እውነትም እኮ ታምራለች፤ የተኳለች ነው የምትመስለው።"

"ለአማቾቼ ሠርግ ጎረቤት ይቀድመኝ?" አለና ብድግ ብሎ ወጣ። ውድነሽ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ቀረች።

በሠርጉ ቀን የልሳኑ መኪና አበባ ተደርጎባት ከሙሽሮቹ ቀጥላ ስትሄድ፣ ደምሰው ጸጥ ያሉ ሽማግሌዎችን ጭኖ ከኋላ ተከተለ። አዛውንቶቹ ሲመርቁት እንኳ "አሜን" ማለቱን ረሳው። ሙሉውን መንገድ የሚያየው የልሳኑን መኪና ብቻ ነበር።

ልሳኑ በበኩሉ የደምሰውን ፊት መጥቆር አይቷል፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። ታላቁ ስለሆነ ያከብረዋል። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ቀረብ ብሎ፣

"ጋሼ፣ የእኔ ቀለም ተርፏል። እሁድ ናና የአንተንም አብረን እንሥራት። አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለው፤ እሱን አሳይሃለሁ" አለው።

ይህን የሰማ ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደምሰው ግን ትናንት መንዳት የጀመረ ልጅ ሊያስተምረው የመጣ መሰለው።

"እኔ መኪና የምነዳው ሰው ላደርስበት ነው፤ ኩል ልኩላት አይደለም" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በዙሪያው ያሉት ሹፌሮች እንዲሰሙት። ሹፌሮቹ ሳቁ። ልሳኑ ፊቱ ቀላ፤ "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ።

ደምሰው ይህን በተናገረ በሦስተኛው ቀን ከቀለም ቤት ጥቁር የሚነፋ ቀለም ገዝቶ በጃኬቱ ሸሽጎ ቤቱ ገባ።

እሁድ ውድነሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የግቢውን በር ከውስጥ ዘጋ። መብራቶቹን ፈታ። ውድነሽ ከቤቱ ጋር የተያያዘች ትንሽ የፀጉር ቤት ነበረቻት፤ የፀጉር ማድረቂያዋን አምጥቶ መስታወቱን የያዘውን ማጣበቂያ በሙቀቱ እያለሰለሰ፣ በካቻቢቴ ዳር ዳሩን እየፈለቀቀ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ከፈተው። የውስጡን ገላ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ጠረገው፤ ቀለሙን ነፋው። እጁ የሰለጠነ ስለሆነ ሥራው ያማረ ነበር።

ሳህኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ልሳኑ ሳህኑን አልቀባውም፤ እንዳለ ብርማ አድርጎ ትቶታል። ደምሰው ይህን አስታወሰና ፈገግ አለ።

"ፈርቶ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው" አለ ለራሱ። "እኔ ግን እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ ያኔ የማን እንደሚበልጥ ይታያል።"

ሳህኑንም ቀባው። ሁለቱንም። አንዲት የምታብረቀርቅ ነገር እስክትጠፋ ድረስ ቀባቸው። ሲደርቁ መስታወቱን መልሶ አጣበቀ፤ መኪናዋ ላይ ገጠመ፤ መብራቱን አበራው። በቀትር ፀሐይ አምፖሎቹ በጥቁሩ መካከል እንደ ሁለት ፍም ታዩት። "በርቷል" አለ። ከዚህ በላይ አልመረመረም።

በማግሥቱ መናኸሪያ ሲገባ የጠበቀው ሁሉ ሆነለት። ሰው ዞሮ አየው። "የደምሰው ባሰ!" አሉ። "ሙሉ ጥቁር! የልሳኑ ከዚህ ፊት ምን አላት?" አሉ። ስለ ኩሉ የተናገረውን ያስታወሰ አንድ ሹፌር ሊያሾፍበት ሞከረ፤ ደምሰው ግን አልሰማውም። እሱ የሚጠብቀው የአንድ ሰው ፊት ነበር።

ልሳኑ መጣና መብራቶቹን ዝቅ ብሎ አያቸው። ፊቱ ላይ ቅናት አልነበረም፤ የታየው ጭንቀት ነበር።

"ጋሼ፣ ሳህኑንም...?" ብሎ ሊቀጥል ሲል ደምሰው ሞተሩን አስነሣ።

"ምነው፣ ቆጨህ?" አለውና ጥሎት ሄደ። በሳምንታት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ልሳኑ በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ጊዜ ሊያናግረው ቀረበ፤ ሁለቱንም ጊዜ ደምሰው ሰላምታውን እንኳ ሳይመልስ አለፈው።

ሥራው የቀን ሥራ ስለሆነ ለአራት ቀን ምንም አልተሰማውም። በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለት መንገደኞች ጭኖ ወጣ። ጋቢና ከእሱ ጎን የተቀመጡት ወይዘሮ አፀደ ነበሩ፤ ቅቤ ወደ ቆላ እያወረዱ የሚሸጡ፣ ከእሱ መኪና በቀር በሌላ የማይሳፈሩ ሴት ናቸው። ጣርማበር ላይ ሲደርሱ ጉም ወደቀ። የጣርማበርን ጉም ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱን፣ ገደሉን፣ ሰማዩን አንድ ላይ ነው የሚውጠው። ዋሻውን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ባሰ።

ደምሰው መብራቱን አበራ። ምንም አልተለወጠም። የበራ ስላልመሰለው ማብሪያውን ደጋግሞ ነካካው። አምፖሎቹ በርተዋል፤ ግን ብርሃናቸው ከመኪናዋ አፍንጫ አይርቅም። ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት የሚወረውረው ያ የሚያብረቀርቅ ሳህን ነበር፤ አሁን ጥቁሩ ቀለም ይውጠዋል። ይህ ለደምሰው የገባው ገና አሁን ነበር።

"ደምሴ፣ ምነው መብራት አታበራም?" አሉ ወይዘሮ አፀደ።

"በርቷል እትዬ።"

"የት?"

ደምሰው መኪናዋን በዝግታ እየነዳ መቆሚያ ቦታ ሲፈልግ፣ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና በድንገት ከጉሙ ውስጥ ወጣ። የዚያኛው ሹፌር ከፊቱ መኪና እንዳለ አላወቀም፤ የሚያሳውቀው ብርሃን አላየማ። ደምሰው ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። ሚኒባሷ ቦዩ ውስጥ ገብታ ከድንጋይ ጋር ተላተመችና ቆመች። ከኋላ ጩኸት ሆነ። ደምሰው ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ይተነፍሳሉ። ከጎኑ ያሉት ወይዘሮ አፀደ ግን ቀኝ ክንዳቸውን አቅፈው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። እጃቸው ተሰብሮ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ከኋላቸው ሁለት መብራቶች ጉሙን እየቀደዱ ወረዱና ቆሙ። ልሳኑ ነበር። አልጠየቀም፤ አልወቀሰም። የወይዘሮ አፀደን ነጠላ ቀዶ ክንዳቸውን አሰረ፤ ከራሱ መኪና ጠንካሮቹን ወንዶች አስወርዶ የደነገጡትን ሴቶችና አዛውንቶች አስገባ።

"ጋሼ፣ አንተም ግባ። ደብረ ሲና አድርሼያቸው ለቀሩት እመለሳለሁ" አለ።

ደምሰው በልሳኑ መኪና ውስጥ ከመንገደኞች ጋር ተጨናንቆ ተቀመጠ። ከፊቱ የመንገዱ ነጭ መስመር፣ የገደሉ አጥር፣ መንገድ ዳር የቆመች በቅሎ ሳትቀር በልሳኑ መብራት ውስጥ አንድ በአንድ ይገለጡ ነበር። ጥቁሩ ጌጥ ነበር፤ መንገዱን የሚያሳየው ያልተቀባው ነበር። ደምሰው አንገቱን ደፋ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ወይዘሮ አፀደ ሲታከሙ ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን ቀሩ።

"ላሳይህ ብዬህ የነበረው እሱን ነው" አለ ልሳኑ ቀስ ብሎ። "እኔም መጀመሪያ ላይ ሳህኑን ልቀባው ነበር። አንድ መካኒክ ነው እጄን የያዘኝ።"

"ሳየው ፈርተህ የተውከው መሰለኝ።"

"ለምን አልጠየቅኸኝም ጋሼ?"

ደምሰው እውነቱን ተናገረ።

"ቀንቼብህ ነው። ከጠየቅሁህ የበለጥከኝ መሰለኝ።"

ልሳኑ በጣም ደነገጠ። ከዚያ ደምሰው ፈጽሞ ያልጠበቀውን ነገር ነገረው።

"እኔ መብራቱን የቀባሁት ለምን ይመስልሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ቆሜ ሰው ሲጠይቅ የምሰማው 'ደምሰው መጥቷል ወይ?' ሲል ነው። እትዬ አፀደ የእኔ መኪና ባዶ ቆማ አንተን ተራህ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ስሜን የሚጠራ ሰው ስለሌለ፣ ቢያንስ መኪናዬን ዞር ብለው ይዩልኝ ብዬ ነው። የቀናሁት እኔ ነበርኩ ጋሼ።"

በዚህ መካከል ወይዘሮ አፀደ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ወጡ። ደምሰው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ተነሥ" አሉት። "ይማርህ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አንተን የመረጥኩህ ለመብራትህ ማማር አልነበረም። ታውቅ የለም እንዴ?"

ደምሰው አያውቅም ነበር፤ ያወቀውም ያን ቀን ነው። ሳህኖቹን ሊያጸዳ ቢፍቃቸው ብርማው ልባስ ከቀለሙ ጋር አብሮ ተላጠ፤ ስለዚህ ያገለገሉ መብራቶች ፈልጎ ገጠመ። ወይዘሮ አፀደ እጃቸው እስኪድን ድረስ ቅቤያቸውን ቤታቸው ድረስ ሄዶ እየጫነ፣ ገበያ ድረስ እያወረደ አደረሰላቸው። እሳቸው ራሳቸው ተመልሰው ጋቢናው ላይ እስኪቀመጡ ግን ሦስት ወር ፈጀ፤ የተሰበረ አጥንት ከሚጠገንበት ጊዜ በላይ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የቀረው ጊዜ እምነታቸው እስኪጠገን ነበር።

ቅናት ዓይነ ስውር አያደርግም፤ እንዲያውም በጣም ያሳያል። የሚያሳየው ግን ጌጡን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ምን እንደቀባ እናያለን፤ ምን ሳይቀባ እንደተወና ለምን እንደተወ አንጠይቅም። መጠየቅ የሚያሳንሰን ስለሚመስለን፣ ለመብለጥ ስንል የራሳችንን ብርሃን በገዛ እጃችን እናጠቁራለን። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ የምንቀናበት ሰው ምናልባት በዚያው ሰዓት በእኛ እየቀና መሆኑን አለማወቃችን ነው።

እናንተስ፣ ከሌላው ለመብለጥ ብላችሁ ቀለም ልትቀቡት ያነሣችሁት ነገር፣ ጉም ሲወርድ መንገዳችሁን የሚያሳያችሁ እሱ ቢሆንስ?