ደርሶና የባሕሩ ከተማ ውሃ

እንግዲህ ስሙ። ይህ የሆነው ዛሬ የምታዩት ዛፍ ሁሉ ሳይበቅል ነው፤ የመንደራችን ሰው ማርና ሰም ጭኖ ጨው ሊያመጣ ወደ ባሕር በሚወርድበት ዘመን። እያፈርሁ ነው የምነግራችሁ። የኔ ዘር ያለበት ነገር ነው።

በዚያ ዘመን ደርሶ የሚባል ቆዳ ፋቂ ነበር። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ሥልቻና ጠፍር ይሠራል። ሰው ሥልቻውን ይወስዳል፤ ከሱ ጋር ግን በአንድ ገበታ አይቀርብም።

የነጋዴዎቹ መሪ ነጋድራስ ይመኑ ነበር። የዘራችን አባት እሱ ነው። አንድ ዓመት ደርሶን፣ «ጠፍር ሲበጠስ ትጠግናለህ» ብሎ ይዞት ወረደ።

ቆላ ሲገቡ ውሃ አለቀ። የሰዉ ሥልቻ ሁሉ አርጅቶ አፍስሶ ነበር፤ የደርሶ ብቻ አላፈሰሰም። ደርሶ ለሁሉም ቀዳ። ጠጡ። እንጀራ ሲቆረስ ግን፣ «አንተ እዚያ፣ ከበቅሎዎቹ ዘንድ» አሉት። ደርሶ እዚያው ሄዶ ተቀመጠ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከተማው ታየ። ግንቡ ከባሕሩ ውስጥ የወጣ ይመስላል። በሩ ብረት የለበሰ፣ ማማው ላይ ቀስተኞች የቆሙበት። ስሙን አባቶቻችን አልነገሩንም። አፍረው ነው መሰለኝ።

በዚያ ከተማ እንግዳ የሚገባው ዋስ ሲኖረው ነው። የበሩ ጠባቂ በአስተርጓሚ እየጠየቀ አንድ አንድ እያለ አሳለፈ። ደርሶ ዘንድ ሲደርስ፣ «ይኼስ የማን ነው?» አለ። ነጋድራሱ ለፋቂ ዋስ መሆን አፈረ። «ጭነት ጠጋኝ ነው» አለ።

«እንግዲያ ከጭነቱ ጋር ይግባ!» ብሎ ጠባቂው ሳቀ። ደርሶ በከብቱ በር ገባ። የኛም ሰው ሳቀ። «ደርሶ፣ ጅራትህን በሩ እንዳይዘው!» አለው አንዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የባሰው።

ያ ከተማ ምንጭ የለውም። ዙሪያው ውሃ ነው፤ የሚጠጣ ግን የለም። በዓመት አንዴ የሚዘንበውን ዝናብ በድንጋይ በታነጸ ጉድጓድ ያቁሩታል። ከተማው ዓመቱን የሚጠጣው እሱን ነው። የኛ ሰው ደግሞ ከመንገድ ሲገባ እግሩን ሳይታጠብ አይቀመጥም። ነጋድራስ ይመኑ ያንን ጥሩ ውሃ አየ። የእንግዳ መታጠቢያ መሰለው። ደረጃውን ወርዶ እግሩን ነከረ። የአሥራ ስምንት ቀን አቧራና የበቅሎ ፋንድያ ያለበትን እግር። ታጥቦ፣ ረክቶ፣ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ።

ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት ጉድጓዱ ደፍርሶ አየችና ጮኸች። እርጥቡ ዱካ እስከ እኛ ሰዎች ማረፊያ መራ። የከተማው ሹም ወታደር አስከትሎ መጣ።

«የማን እግር ነው? ያደረገው ይውጣ። ካልወጣ አንዳችሁም ከዚህ ግንብ አትወጡም» አለ።

ሁሉም ያውቃል። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ነጋድራሱ እግሩን በልብሱ ሸፈነ። ያን ጊዜ ደርሶ ተናገረ።

«እግሩ የኔ ነው» አለ።

ተፈረደበት። ጉድጓዱ ተጠርጎ በዝናብ እስኪሞላ ድረስ፣ ሩቅ ካለ የየብስ ጉድጓድ በጀርባው ውሃ እየተሸከመ ከተማውን ያጠጣ ተባለ። ነጋድራሱ በጆሮው፣ «በመጪው ዓመት መጥቼ እወስድሃለሁ» አለው። ጨውን ጭኖ ሄደ።

አገሩ ሲገባ ለደርሶ ሚስት ለእንኮዬ፣ «ንዳድ ገደለው» አላት። አለቀሰች። ተዝካር አወጣች። በመጪው ዓመት ነጋድራሱ ወደ ባሕር አልወረደም። በሚቀጥለውም አልወረደም። እዚያ ደግሞ ሁለት ዓመት ዝናብ ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት ዘነበ። ደርሶ በእግሩ መጣ። ጀርባው ጎብጧል። እንኮዬ ስታየው አማተበች።

«ተዝካሬን በላችሁ አሉ፤ ለኔ አላተረፋችሁም?» አላት።

ከዚያ ወደ ነጋድራሱ ቤት ሄደ። ሰንበት ነበር፤ መንደርተኛው እዚያ ተሰብስቧል። ምን ሊናገር ነው ብለው እነዚያ አብረውት የወረዱት ፈሩ። ደርሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ከመንገድ መግባቴ ነው፣ ጌታዬ። የእግር ውሃ አለ?» አለ። ሌላ አላለም።

ነጋድራሱ አሽከር አልጠራም። ውሃውን ራሱ ይዞ ተንበረከከ። ያንን የተሰነጣጠቀ እግር አጠበ። በሰዉ ሁሉ ፊት፣ «ያ እግር የኔ ነበር» አለ።

ያን ቀን ደርሶ ከገበታው ቀረበ። የበላው ግን ትንሽ ነው ይላሉ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ በኛ ቤት የእንግዳ እግር የሚያጥበው አሽከር አይደለም፤ ልጅም አይደለም። የቤቱ ታላቅ ነው። ተንበርክኮ፣ «ያ እግር የኔ ነበር» እያለ ያጥባል። እንግዳው ክብር ይመስለዋል። ይመርቀናል። እኛ ቀና ብለን አናየውም።