በርበሬውን ያሻገተው አዋጅ

አንድ ንጉሥ በሚገዛው ከተማ ስንዱ የምትባል የምግብ መርማሪ ነበረች። ብዙ ዘመን ተምራ፣ በከተማው በር አጠገብ በተሰጣት ክፍል ውስጥ ወደ ገበያ የሚገባውን በርበሬ ትመረምር ነበር። ብልቃጦቿ እንደ ቁመታቸው የተሰደሩ፣ ሚዛኗም በየማለዳው የሚወለወል ነበር። ሻጋታ የተገኘበት ጆንያ ሁሉ ሰው እንዳይመርዝ ከበሩ ውጭ ይቃጠላል። የበርበሬ ጭስ ደግሞ ማንንም አይምርም፤ ከተማውን በሙሉ ያስነጥሰዋል። «ስንዱ ዛሬም አጠነችን!» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ስንዱን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነበር። ምርመራዋ እየረቀቀ ቢሄድም የሚሻግተው በርበሬ ከዓመት ዓመት ይበዛ ነበር።

አንድ ቀን ሽብሩ በተባለ ነጋዴ ጭነት ላይ ሻጋታ ተገኘ። ከዚያ በፊትም ተቃጥሎበት ስለ ነበር ከደጃፏ አልሄድም አለ።

«እመቤቴ፣ ይህም ከነደደ አህዮቼን ሸጬ ከንግድ መውጣቴ ነው» አላት።

«አዝናለሁ አቶ ሽብሩ፤ ሻጋታው መርዝ ነው። ለመሆኑ ከምን መጣ?»

«ከውሃ ነዋ!»

«ውሃውን ማን ረጨው?»

«እኔው ነኝ።»

«እርስዎን ደግሞ ማን አዘዘዎት?»

«ንጉሡ! አዋጁ ‹የተሰበረ በርበሬ በሩን አያልፍም› ይላል። ደረቅ በርበሬ በአህያ ተጭኖ ሳይሰበር የሚደርሰው በየት አገር ነው? ውሃ ነካ ስናደርገው ይለሰልሳል፤ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል።»

ጭነቱ በዚያው ዕለት ተቃጠለ። ስንዱ ግን እጇን ታጥባ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

«ጃንሆይ፣ ሙሉውን በርበሬ ምን ያደርጉታል?» ስትል ጠየቀች።

«ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አስፈጭቼ በወጥ እበላዋለሁ።»

«ታዲያ ወፍጮ ቤት እስኪደርስ ሳይሰበር እንዲቆይ ለምን ያዝዛሉ? ነጋዴው እንዳይሰበርበት ውሃ እየረጨ ያሻግተዋል።»

ሹማምንቱ «ስብርባሪ ለቤተ መንግሥት ነውር ነው» ብለው አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ሳቀ።

«አዋጁን አንቺው አስተካክይው» አላት። «ነገር ግን እንዲህ ያለ አዋጅ ብዙ አለኝ፤ የእህሉ፣ የማሩ፣ የወተቱ። እነዚህን የምታቀኚ ከሆነ መቀመጫሽ እዚህ ከአማካሪዎቼ ጋር ነው። የምርመራ ክፍልሽን ለሌላ ታስረክቢያለሽ።»

ይህ ከበዳት። ያን ክፍል ትወደው ነበርና።

የሥራ ባልደረባዋ አልማዝወርቅ «ያን ሁሉ የተማርሽው ከሹማምንት ጋር ስለ አዋጅ ቃል ለመነታረክ ነው እንዴ?» አለቻት።

«ሻጋታው የሚጀምረው ከዚያው ቃል ሆኖ አገኘሁት። ምርመራዬን ወደ ምንጩ ማዛወሬ ነው፤ ሚዛኑን አደራ» አለችና ቁልፉን ሰጠቻት።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ አዋጅ ተነገረ፦ «በርበሬ ደርቆ ይግባ፤ ስብራቱ አይጠየቅ።» አህዮቹን ለመሸጥ ሲደራደር አዋጁን የሰማው ሽብሩ ሽያጩን ተወ። በቀጣዩ መከር «ጭነቴ ስብርብር ብሏል፣ እዩልኝ!» እያለ፣ እየሳቀ በሩን አለፈ።

ስሕተትን የሚለይ ዕውቀት ትልቅ ነው፤ ከተማን ከመርዝ ይጠብቃል። ይኸው ዕውቀት ደንብ ወደሚጻፍበት ጠረጴዛ ሲደርስ ደግሞ ስሕተቱን ሳይወለድ ያስቀረዋል። የሚያውቅ ሰው ከዚያ ጠረጴዛ ከራቀ ግን ደንቡ ጥፋቱን ይፈጥራል፤ ቅጣቱም ደንቡን ባከበረው ሰው ላይ ያርፋል።

እርስዎስ፣ በቤትዎ ወይም በመሥሪያ ቤትዎ ደጋግመው የሚቀጡት ጥፋት ካለ፣ ያስከተለው የትኛው ትእዛዝዎ እንደ ሆነ ጠይቀው ያውቃሉ?