ሦስተኛ ፎቅና አምስት ሜትር ገመድ

አንዲት እናት መኪና ገዛች። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና። ከገዛች በኋላ፣ መኪናው መጥቶ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ከቆመ በኋላ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ከተበተነ በኋላ፣ የቻርጁን ገመድ ከኋላ ሻንጣው አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችው። አምስት ሜትር ነበር።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

በክንዷ ደግማ ለካችው። አላደገም።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ዝንጉ ብትሆን ኖሮ ታሪኳን ባልነገርኳችሁ። የሰፈሩ ሰው በልጇ ስም «የማኅሌት እናት» ይላታል፤ እኛም እንደዚያው እንበላት። የማኅሌት እናት ክፉ ነገር ገና ሳይነሣ ወጥታ የምትቀበል ሴት ናት። ሰማዩ ካጉረመረመ የቤቱን ሶኬት ሁሉ ትነቅላለች። ከመሸ ስልክ ከጠራ፣ ገና ሳታነሣው ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ልጇ ሩብ ሰዓት ከዘገየች የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀርብ በልቧ ትቆጥራለች። እንዲህ ያለች ሴት መኪና ስትገዛ ዝም ብላ ትገዛለች? አትገዛም።

ባሏ ሸዋንግዛው ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ አሳድሯቸዋል። አሮጌዋ ታክሲ አንድ ቀን ሞተሯ ተሰናበተና ባልና ሚስት ያላቸውን ሁሉ አሟጠው አዲስ ለመግዛት ተነሡ። ሸዋንግዛው አራት ሕፃናትን ትምህርት ቤት የማመላለስ ሥራ አግኝቶ ነበር። ሥራው ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ወላጆቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ግን ቁርጡን ነግረውታል፤ «ሰኞ ካልመጡ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሹፌር አለ» ብለውታል።

እንግዲህ የማኅሌት እናት ደብተር ገዛች። በማስመሪያ አሰመረችው። በአንድ በኩል ሦስት መኪኖች፤ ሎንግዋ የሚሏት ትንሿ፣ ቲያንሚ የሚሏት ረጅሟ፣ ሌላዋ ደግሞ ስሟ ከሩቅ የሚከበር፣ ሰው ተጠቅሞባት የመጣች። በሌላ በኩል ዋጋ፣ በአንድ ቻርጅ የምትሄደው ርቀት፣ ለመሙላት የምትፈጀው ሰዓት፣ መለዋወጫ። ትንሿ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ዋጋዋ ወደ ሁለት ሚሊዮን ብር ገደማ። ረጅሟ አምስት መቶ ትሄዳለች፣ ጣሪያዋ መስታወት ነው፣ ወንበሯ ጀርባ ያሻል፤ ዋጋዋ ግን ጀርባ ያጎብጣል። ስመ ጥሩዋ ደግሞ ባትሪዋ ምን ያህል እንዳረጀ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ዞረች። አንዱ ሻጭ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ በየቅዳሜው ስትመጣ ወንበር እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበር።

«ጎርፍ ውስጥ ብትገባ ኤሌክትሪኩ ሰው ይይዛል ወይ?» አለችው።

«አይይዝም፣ እናቴ።»

«መብረቅስ?»

«መብረቅማ በእግሩ የሚሄደውንም ይመታል።»

«አይጥ ሽቦዋን ብትበላውስ?»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ እዚህ ስሠራ ሁለት ዓመቴ ነው። ስለ አይጥ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እንግዲያው አልተዘጋጃችሁም» ብላ በደብተሯ ጻፈች።

ሸዋንግዛው መስታወት ጣሪያዋን ቀና ብሎ እያየ ነበር። መኪናዋ ውስጥ አንዲት ሴት በቻይንኛ ትናገራለች።

«ምን እያለች ነው?» አለ።

«ቀበቶ ይሰሩ እያለች ነው፣ ጋሼ።»

«ቤት ውስጥም እንዲህ በማላውቀው ቋንቋ ብትቆጣኝ ጥሩ ነበር» አለና ሚስቱን ገርመም አድርጎ አያት። እሷ አልሰማችም፤ እየጻፈች ነበር።

በመጨረሻ ትንሿን መረጡ። ለአራት ሕፃናት ትበቃለች፣ ከኪሳቸው ጋር ትስማማለች። የማኅሌት እናት ፊርማዋን ከማኖሯ በፊት አንድ ጥያቄ ቀራት።

«ቤታችን ቻርጅ ማድረግ እንችላለን?»

«ምጣድ የሚችል ሶኬት አላችሁ?»

«አለን።»

«እሱ ይበቃል። በቀጭን ኤክስቴንሽን ግን እንዳትሞክሩት፤ ገመዱ ግሎ ቤት ያቃጥላል።»

ቤት ያቃጥላል የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። የምጣድ ሶኬት አላት፣ ደስ አላት፣ ፈረመች። ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነው ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም። ለምን ትናገራለች? በዚህች አገር ሁላችንም ምጣዳችንን እንጂ መኪናችንን ወጥ ቤት አጠገብ አቁመን አናውቅም።

ቅዳሜ መኪናዋ መጣች። ሸዋንግዛው ደስታውን መያዝ አቃተው። እህቱን ሊያሳይ ሄደ፣ የድሮ የታክሲ ጓደኞቹን ሊያሳይ ሄደ፣ የንስሐ አባቱን አሳፍሮ ዞረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባትሪዋ አራት በመቶ ቀርቷት ነበር። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። የሰፈሩ ቻርጅ ማድረጊያ ገና እየተሠራ ነው፤ አገልግሎት የሚሰጠው ከከተማው ማዶ ነው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር። ገመዱም ተዘረጋ። አምስት ሜትር።

«ነገ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል» አለች የማኅሌት እናት። «ሌላው ሹፌር ይመጣል። ከዚያ መኪናዋን በግማሽ ዋጋ እንሸጣለን። ከዚያ ማኅሌት ከትምህርቷ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሸዋንግዛው። «ከአምስት ሜትር ተነሥተሽ የት ደረስሽ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ስንዱ ምጣድ አላት። በሯ ደግሞ ከመኪናዋ አራት እርምጃ ነው።»

የማኅሌት እናት ገመዱን መልሳ መጠቅለል ጀመረች።

ለምን ጠቀለለች? እነግራችኋለሁ። እትዬ ስንዱ ምድር ቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በርበሬዋን ደጇ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ታሞቅ ነበር። የማኅሌት እናት ሳታይ ብርድ ልብስ አጥባ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሰጣች። ውሃው ወረደ። በርበሬው ላይ። እትዬ ስንዱ ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ምን እንዳለች የማኅሌት እናት አልሰማችም። ስድብ ነው ብላ ቆረጠች። ወርዳ ይቅርታ መጠየቅ ፈራች። «ነገ እጠይቃታለሁ» አለች። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ፋሲካ ሆነ፣ ሌላ ፋሲካ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የምታልፈው አንገቷን ደፍታ፣ እየሮጠች ነው።

የማኅሌት እናት ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ደርሳ ተመለሰች። ደግሞ ወረደች። አንደኛ ፎቅ ደርሳ ጫማዬን ልቀይር ብላ ተመለሰች። አትሳቁ፣ ወገኖቼ። እናንተ ወደ ስንት ሰው በር ግማሽ ደረጃ ወርዳችሁ ተመልሳችኋል? ስንቶቻችን ነን ጫማ የምንቀይረው?

በሦስተኛው ደረሰች። ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ።

«ደረጃውን ጨረስሽው?» አለች እትዬ ስንዱ። «ሦስት ጊዜ ስትወርጂ ሰምቻለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ሁለት ዓመት ደጄ ላይ ስትደርሺ እግርሽ ይሮጥ ነበር። ዛሬ መኪናሽ ሲቆም ቆምሽ?»

የማኅሌት እናት መሬት መሬት አየች። ካዘጋጀችው ሁሉ ከአፏ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በርበሬውን ይቅር በይኝ።»

«የቱን በርበሬ?»

«ያን ጊዜ ውሃ ያፈሰስኩበትን።»

እትዬ ስንዱ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «እሱማ በማግስቱ ደርቆ ተፈጨ። ተበልቶ ካለቀ ስንት ጊዜው። ያን ቀን ጮኼ የነገርኩሽ ብርድ ልብስሽ ሊወድቅ ነው፣ መቆንጠጫ አድርጊበት ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ሌባ ስታልፊኝ፣ ይቺ ሴት ምን አድርጌያት ይሆን ስል ከረምኩ።»

የማኅሌት እናት ማልቀስ ጀመረች። መሳቅም ጀመረች። ሁለቱ ተቀላቀሉባት።

«ይልቅ ግቢና ሶኬቱን እይ» አለች እትዬ ስንዱ። «ዛሬ ልጋግር ነበር። ሊጡ አንድ ቀን ቢያድር ይኮመጥጣል እንጂ አይሞትም። ካርዱን ግን ትሞይልኛለሽ፤ ቆጣሪው ዘመድ አያውቅም።»

«እንዴት ስለ ሶኬቱ አወቅሽ?»

«ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሰገነት ላይ ስትጨቃጨቁ ማን የሚሰማ መሰለሽ? ባለ መስታወቷን አለመግዛታችሁ ጥሩ ነው። በዚህ ፀሐይ ሕፃናቱን እንደ በርበሬዬ ታደርቃቸው ነበር።»

ሸዋንግዛው ገመዱን ዘረጋ። አንዱ ጫፍ ከምጣዱ ሶኬት፣ ሌላው ከመኪናዋ። መኪናዋ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። እትዬ ስንዱ እልል አለች፤ ከአራተኛ ፎቅ አንዷ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ተቀበለቻት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ገመዱ የሚያልፈው በበሩ ነው፤ በሩ በገመዱ ላይ አይዘጋም። እትዬ ስንዱ ደግሞ ባሏ ካረፈ ወዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሯን የምትቀረቅር ሴት ናት። የማኅሌት እናት ይህን ስትሰማ ሌባ ታያት፣ ውሻ ታያት፣ እባብ ታያት። ከዚያ ነጠላዋን አደላደለችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እጠብቃለሁ» አለች።

«እንግዲያው ሁለት እንሁን» ብላ እትዬ ስንዱ በርጩማ አወጣች።

ወገኖቼ፣ በሩ ተከፍቶ ያየ ሁሉ ጎራ አለ። «ደህና ናችሁ? ምን ተገኘ?» ይላል፤ ገመዱን ያያል፣ ይቀመጣል። አንዱ ቆሎ ይዞ መጣ። ሌላው የእርሱ መኪና ናፍጣ ስትጠጣ እንደምትሻል ሊከራከር መጣ። ብርሃን ሲለወጥ፣ ሲመሽ፣ በዚያ ደጃፍ ላይ የነበረው ሳቅ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ደረጃ አልተሰማም ነበር።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለልጃችሁ ትምህርት ቤት የምትመርጡ አላችሁ። ቤት የምታማርጡ አላችሁ። ለትዳር ሰው የምታመዛዝኑ አላችሁ። አመዛዝኑ። አእምሮ የተሰጠን ትራስ ላይ ልናስተኛው አይደለም። ግን ይህችን እናት ተመልከቱ። ጎርፉን ፈራች፣ ጎርፍ አልመጣም። መብረቁን ፈራች፣ አልመታትም። አይጧን ጠበቀች፣ አይጧ እስከ ዛሬ አልመጣችም። መኪናዋን ደጅ ሊያስቀራት የነበረው ከአፏ ያልወጣ አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የትም ሱቅ ልታገኘው አትችልም፤ አራት እርምጃ ላይ ነበረ።

እናንተስ በማን በር ነው የምትሮጡት? የወንድማችሁ ነው? የምራታችሁ ነው? ክፉ ቃል ይጠብቀኛል ብላችሁ ስንት ዓመት ዞራችሁ አለፋችሁ? እኔ እላችኋለሁ፣ ከዚያ በር ኋላ ያለው ሰው ዛሬም «ምን አድርጌው ይሆን?» እያለ ይሆናል። ይቆጣ ይሆናል፣ እውነት ነው። ግን ቢቆጣስ? ከዚህ ከመቅደሱ ስትወጡ ደረጃውን እስከ ታች ውረዱት። ኃይላችን አራት በመቶ እስኪቀር ለምን እንጠብቃለን? እግዚአብሔር ለእኛ ብርታት ሲልክ ብዙ ጊዜ በጎረቤት ወጥ ቤት በኩል ነው የሚልከው።

የቀረውን ልንገራችሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋ ስልሳ ስድስት በመቶ አለች። ሸዋንግዛው ነቀለ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ለነገ ሊተኛ ወጣ። ጎረቤቱም አንድ በአንድ ተሰናበተ።

«ከእንግዲህ ጠዋት እጋግራለሁ» አለች እትዬ ስንዱ። «ማታው የመኪናዋ ይሁን። አንቺ ግን ሥራሽን ትተሽ እዚህ እንዳትሰለፊ።»

«እመጣለሁ» አለች የማኅሌት እናት። «መኪናዋ ባትኖርም እመጣለሁ።»

ደህና እደሪ ተባባሉ፣ በሩ ተዘጋ። የማኅሌት እናት ሦስት ደረጃ ወጣችና ቆመች። መዘጋቱን እንጂ መቆለፉን አልሰማችም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ መሽቷል፣ ደክሟት ረስታው ቢሆንስ? ግድግዳውን ይዛ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች።

ቁልፉ ዞረ። ደግሞ ዞረ።

«ቆልፌያለሁ፣ ሂጂ ተኚ» አለች እትዬ ስንዱ ከውስጥ።