በሆዱ የሚሄደው ቃኚ

ተረቴ መጥታ ደጅ ቆማለች፤ ግቢ በሏት እንጂ! እሺ፣ ገባች።

ድሮ ድሮ አለቃ ድንበሩ የሚባሉ እንጨት ጠራቢ ነበሩ። ከወይራ እንጨት አውራ ጣት የሚያካክሉ ወታደሮች ጠርበው መደርደሪያ ላይ አቆሟቸው። አዛዡ ፈረሰኛው ፊታውራሪ አባ ነጎድጓድ ነበሩ። ጋሻ ጃግሬ አላቸው፣ ነጋሪት ጎሳሚ አላቸው። ከሁሉም የሚያንሰው ግን ቃኚው ጥሻው ነበር። ቃኚ ተደብቆ ጠላትን የሚሰልል ነውና አለቃ በሆዱ አስተኝተው፣ አንድ ጆሮውን መሬት አስነክተው ጠረቡት።

ሌሎቹ "አንተ፣ መቼ ነው የምትነሣው?" እያሉ ይስቁበታል። ጥሻው ይከፋዋል። መቆም ያምረዋል፣ ግን አይችልም።

አንድ ቀን መደርደሪያው ቅርጥ ቅርጥ አለ። ፊታውራሪ ደነገጡ።

"የጠላት ድምፅ ነው! ማን አይቶ ይምጣ?"

ጋሻ ጃግሬው ሄደ። ግድግዳው ላይ የገዛ ጥላውን አየና እየሮጠ ተመለሰ።

"ጌታዬ፣ ሺህ አይጥ መጥቷል! ጥርሳቸው ጎራዴ ነው!"

ሠራዊቱ ተንቀጠቀጠ። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ አንድም አይጥ አልመጣም።

በማግስቱም ቅርጥ ቅርጥ አለ። ነጋሪት ጎሳሚው ሄደ። እመንገድ ላይ ፈራና ተመለሰ።

"ነፋስ ነው፣ ጌታዬ። የእርስዎን ስም ሰምቶ የሚቆም ጠላት የት አለና!"

ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው ጢማቸውን አሻሹ።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ባሰ። "እኔ ልሂድ፣ ጌታዬ?" አለ ጥሻው። ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን እየተሳበ ሄደ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ዋለ፣ እየተሳበ ተመለሰ።

"ምስጥ ነው፣ ጌታዬ። የመደርደሪያውን ግራ እግር በልቶ ስንደዶ አሳክሎታል። ዛሬውኑ አጠገባችን ወዳለው የመስኮት ደፍ እንሻገር።"

"ስንት ናቸው?"

"አላውቅም።"

"ምን ዓይነት ቃኚ ነህ? ሺህ ይሆናሉ?"

"እንጨቱ ውስጥ ናቸው፤ በዓይኔ አላየኋቸውም። ቢቆጡኝም ያላየሁትን አልናገርም።"

ፊታውራሪ ሺህ ያለውንም፣ ነፋስ ያለውንም ትተው አላውቅም ያለውን አመኑ።

"ተነሥ! ወደ መስኮቱ!"

ሠራዊቱ ተሻገረ። ጥሻው በሆዱ ነው የሚሄደውና መጨረሻ ቀረ። ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው መደርደሪያው ጓ ብሎ ወደቀ፤ እሱም አብሮ ወደቀ።

"ወይኔ ልጄን!" ብለው ፊታውራሪ አለቀሱ።

ከአቧራው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ጌታዬ! እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ አሁን አየኋቸው! አርባ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ያነክሳል!"

በፈረሱ ልጓም ጎትተው አወጡት። አንድ እጁ ተሰብሯል፤ ጆሮው ግን ደህና ነው።

ከዚያ ወዲህ ፊታውራሪ ጥሻውን ወሬ ሲጠይቁት ከፈረሳቸው ወርደው አጠገቡ በሆዳቸው ይተኛሉ። ሠራዊቱም ተከትሎ ይተኛል። አለቃ ድንበሩ ሲገቡ ሁሉንም ተጋድመው ያገኟቸዋል። "ይሄ ነፋስ!" እያሉ አንድ በአንድ ያቆሟቸዋል።

ልጆቼ፣ ያየውን ሳይፈራ፣ ያላየውንም "አላየሁም" ብሎ የሚናገር፣ እሱ ነው ጀግና። እኔ ተረቴን አራገፍኩ፤ እናንተ ጉሮሮዬን አርጥቡልኝ።