ምጥን የምታድርበት ቤት

በአንድ ወቅት፣ ብርዱ ጥርስ ከጥርስ በሚያፋጭበት በመንዝ አገር፣ እትዬ አፀደ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባልቴት ስላችሁ ኩርምት ብለው ጥግ የያዙ እንዳይመስሏችሁ! ሲስቁ ከማዶ የሚሰሙ፣ ሲቆጡ ውሻ የሚሸሽላቸው ሴት ናቸው። ሦስት ልጆች ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው ቤቱ ጭር ሲልባቸው አንዲት ድንክ በግ ይዘው ተቀመጡ። ስሟን ምጥን አሏት። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍማ! ጠጉሯ መሬት ለመሬት ሲጎተት እግርም ያላት አትመስል፤ የምትንከባለል ነው የምትመስለው።

ምጥን አትሸጥም፣ አትታረድም። በዓል ሲደርስ ጎረቤት «እትዬ፣ ዘንድሮስ?» ቢላቸው «አንተን ልረድ እንዴ?» ነው መልሳቸው። ገብስ የምትበላው ከመዳፋቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሰጣት አፍንጫዋን ታዞራለች፤ ኩሩ!

ጠጉሯን የሚሸልቱት ራሳቸው ናቸው፤ እሱም በራሳቸው ደንብ። ቀኝ ጎኗን ይሸልቱና ግራውን ይተዉታል። ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ ቀኙ ትንሽ ሲያቆጠቁጥ፣ ግራውን ይሸልታሉ። «ራቁቷን ሆና ብርድ አያግኛት፤ አንዱ ጎኗ እንኳ ይሙቃት» ይላሉ። አገሩ ሁሉ ግማሽ በግ እያለ ይስቅባታል። እሳቸው ግን ጠጉሩን እያጠቡ፣ እየፈተሉ፣ ስምንት ዓመት አጠራቅመው አንድ ባና አሠሩበት። ያ ወፍራሙን የጠጉር ብርድ ልብስ ታውቁት የለ! አንድ ቀን ደርበውት አያውቁም። ሣጥን ውስጥ አስቀመጡና «ስሞት ቃሬዛዬን በዚህ ሸፍኑልኝ። ሌላ ምንም አልለምናችሁም» ብለው ልጆቻቸውን አስማሉ።

ሞት ይርሳኝ፣ ልጆቹን ሳልነግራችሁ! ትልቋ ጌጤነሽ፣ መካከለኛው ሰብስቤ፣ ትንሿ ስንቅነሽ ይባላሉ። ሦስቱም በየራሳቸው መንደር ጎጆ ወጥተዋል።

ሐምሌ ሲገባ እትዬ አፀደ እግራቸው ከዳቸው። አልጋ ላይ ቀሩ። ደረታቸውም ታፈነ፤ ሐኪም መጥቶ አዳመጣቸውና «ጭስ፣ አቧራ፣ የእንስሳ ጠጉር እንዳይጠጋቸው» ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ። ልጆቹ እየመጡ ሊያስታምሟቸው በሳምንት በሳምንት ተራ ገቡ። ጠቡም ያኔ ተጀመረ፤ እናታችንን እኔ ልውሰድ፣ የለም እኔ ልውሰድ! ሌላ ቦታ አንተ ውሰድ አንቺ ውሰጂ እየተባባሉ ይጣሉ የለ? እነዚህን እኮ ጉንጫቸውን መሳም ነው!

እትዬ አፀደ ግን ቆረጡት። «እኔ ምጥን ካደረችበት ቤት አድራለሁ። ምጥን ደግሞ በደንብ ላሰበላት ትሁን» አሉ። እንግዲህ በጓን ያገኘ እናቱን አገኘ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የጌጤነሽ ነበር። እናትየው ምጥንን ሳይሸልቷት ነው የታመሙት፤ ጠጉሯ በዝናቡ ረጥቦ እንደ ጭቃ ተላቁጧል። ጌጤነሽ ጠረኑ አላምር ብሏት ገለጥ ብታደርገው፣ ቆዳዋ ላይ ትል ይርመሰመሳል። ወይኔ! መቀሱን አነሳች። እናቷ የመቀሱን ድምፅ ከአልጋቸው ሰሙ።

«ጌጤ፣ ግማሿን ብቻ!»

«ግማሿን ብተው ትሉ ወደዚያኛው ይሻገራል፣ እማዬ!»

«ግማሿን ብያለሁ! እኔ ነኝ የማውቃት!»

ጌጤነሽ እያለቀሰች ሁለቱንም ጎን ሸለተቻት። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበች፤ ትሉን አንድ ባንድ በጣቷ ለቀመች። ሌላው ቢሆን እኮ ገና ሲያየው ያስመልሰው ነበር! ትሉ አለቀ። ምጥን ግን በዚያ ብርድ የተላጠ ድንች መስላ ቀረች። እናትየው ያን ቀን ከጌጤነሽ እጅ ውኃ እንኳ አልጠጡም።

ሰብስቤ ተራውን በተረከበ በማግስቱ፣ እኩለ ቀን ላይ በረዶ ወረደ። ወደ በረቱ ቢሮጥ ምጥን እግሯን ዘርግታለች፤ ዓይኗ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው። ቤት እንዳያስገባት ሐኪሙ ከልክሏል፤ እሳት ሊያነድ እንጨቱ ርሷል። ጆንያ ደረበላት፤ እሱም ርሶ ባሰባት። ሰብስቤ ቤት ገባና ሣጥኑን ዞር ብሎ አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ ከፈተና ባናውን አወጣ። እንዳለ ቢደርብላት እንደማይቆይላት ስላወቀ በመቀስ ይቆርጠው ጀመር።

«ሰብስቤ፣ ምንድን ነው የምትቆርጠው?»

«አሮጌ ጨርቅ ነው፣ እማዬ። ተኚ አንቺ።»

አንገት ማስገቢያ፣ እግር ማስገቢያ አበጅቶ በጆንያ መስፊያ ሰፋላት። ስፌቱስ ጠማማ ነው፤ ግን ያሞቃል! ሳይመሽ ምጥን ተነስታ ቆመች። ሰብስቤ የተረፈውን ቁራጭ ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ የለመኑት አንድ ነገር ያ ነበራ!

ስንቅነሽ ስትመጣ ደግሞ ምጥን እህል ካፏ ከገባ አራት ቀኗ ነበር። ሣር አቀረበችላት፤ እምቢ። ገብስ አቀረበችላት፤ እምቢ። የእናቷን ነጠላ ተከናንባ በመዳፏ ብትሰጣት አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ቤት ውስጥም እትዬ አፀደ ሾርባ ሲቀርብላቸው እንዲሁ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስንቅነሽ በጓን ብድግ አድርጋ ታቀፈቻት። ሰብስቤ ገና አልሄደም ነበርና በሩ ላይ ተገተረ።

«አብደሻል? ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም? እማዬን ልትገድያት ነው?»

«ሁለቱም በራብ እየሄዱ ነው፣ ወንድምዬ። አልታየህም? ዞር በል!»

ገፍታው ገባች፤ በጓን አልጋው ላይ አኖረቻት። እትዬ አፀደ መዳፋቸውን ዘረጉ። ምጥን ገብሱን ላፍ! እሳቸውም ሾርባቸውን አጋመሱ። ጀርባዋን ሲዳስሱ ጣታቸው ስፌቱ ላይ ቆመ። ባናውን አወቁት። ከዚያ ያ ሳቃቸው መጣ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ እልል አለ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሳሉ ጀመራቸው። ትንፋሻቸው እየተቆረጠ፣ ከንፈራቸው እየጠቆረ፣ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። አሥራ አንድ ቀን ተኙ። ስንቅነሽ አሥራ አንዱንም ቀን ደጅ ላይ ቆማ ነው ያሳለፈችው።

ዳኑ፤ ተመስገን። «ካሁን በኋላ ብቻቸውን እንዳይኖሩ» ተባለ። አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሲመለሱ፣ እትዬ አፀደ ልጆቹ ያመጡላቸውን የምጥንን ገመድ ጨብጠዋል፤ እሷም ያችን ጠማማ ልብሷን ለብሳ ከሥር ከሥር ትከተላለች። ወደ ሦስቱ ልጆች ቤት መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

«እኔ ባልሸልታት ኖሮ ትል ጨርሷት ማንን ታለብሱ ነበር? ማንን ታበሉ ነበር?» አለች ጌጤነሽ።

«ለብርዱ የሰጠሻትስ ማን ሆነና! ሞታ ያስነሳኋት እኔ ነኝ» አለ ሰብስቤ።

«ቆማ በራብ ልትወድቅ አልነበረም እንዴ?» አለች ስንቅነሽ።

«አንቺማ ዝም በይ! እማዬን እዚህ ቃሬዛ ላይ ያዋልሻት አንቺ!» አለ ሰብስቤ።

ስንቅነሽ ጎንበስ ብላ የምጥንን ልብስ አቃናች።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ አያ ውብሸት፣ «ኧረ ትከሻችን አለቀ! እትዬ፣ ገመዱን ለአንዳቸው ይስጡና ይገላግሉን» አሉ።

እትዬ አፀደ ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ።

«ጌጤ እምቢ አለችኝ። ሰብስቤ ዋሸኝ፤ የቀብሬንም ልብስ ቀደደው። ስንቅ ትንፋሼን ልትወስደው ነበር። ሦስቱም ባይኖሩ ደግሞ ይህች በግ የለችም። እኔ በየትኛው አፌ ልፍረድ? ሦስቱንም ያማጥኩ እኔ ነኝ።»

ገመዱን ለማንም አልሰጡም። ደመናው ወርዷል፤ ሊዘንብ ነው። ምጥን ምን ገዷት! መንገድ ዳር ሣር ትነጫለች።

እስቲ እናንተ፣ ትከሻችሁ ላይ ቃሬዛ የሌለባችሁ፣ ፍረዱላቸው፤ ገመዱ የሚገባው ለማን ነው? እምቢ ብላ ለሸለተቻት፣ ዋሽቶ ላለበሳት፣ ወይስ እናቷን ሞት አፍ አድርሳ ላበላቻት?