በርበሬ የነካው ራይት

ነገሬ እየሄደች የምትረዝም ናት፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አስከትላ ነው የምትመጣው። አብራችሁኝ ብትደግሟት አይከፋኝም፤ ብቻዬን ከደገምኳት ግን ትንፋሼ ያጥራል። የተነሳችው ከትንሽ ነገር ነው። አንዲት ልጅ ዴስክ ላይ መቀመጥ አማራት። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ልጅቷ ሐመልማል ትባላለች። ዋንዛ በር በምትባል ትንሽ ከተማ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ እታገኝ ገበያ ላይ በርበሬ ትቸረችራለች፤ ጣቶቿ ከዓመት እስከ ዓመት ቀይ ናቸው፤ ሳሙና ቢሉ፣ አሸዋ ቢሉ አይለቅም። ልጇን ልትስማት ስትጠጋ እንኳ ሐመልማል አስቀድማ ዓይኗን ትጨፍናለች።

አንድ ቀን መምህር ይስማ እታገኝን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቆሟት። የሐመልማል ክፍል ኃላፊ ናቸው።

«ወይዘሮ እታገኝ፣ የልጅዎ ፊደል ይጋደማል። የጻፈችውን ማንበብ አቃተኝ። የሰኔውን ፈተና እንዲህ ከጻፈች ክፍሉን ትደግማለች።»

እታገኝ ቤቷ እስክትደርስ እየተናደደች ሄደች። ደብተሩን ገልጣ አየችው። እውነትም ፊደሉ ሁሉ ነፋስ እንዳገኘው ጤፍ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ እማ። ጉልበቴ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋልኝም።»

«ዴስክሽስ?»

«የለኝም። ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጠው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም ትያለሽ?»

«ትምህርት እንዴት ነው ስትዪኝ ጥሩ ነው አልኩሽ። እንደሱ አይደል የሚባለው?» አለች ሐመልማል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ክፍሉን ከደገምኩ ግን ይቅርብኝ። ካንቺ ጋር በርበሬ እቀነጥሳለሁ» አለች።

እታገኝ የልጇን ጣቶች አየች። የእስክሪብቶ ቀለም ነክቷቸዋል እንጂ በርበሬ አልነካቸውም። እሷ ራሷ ከትምህርት ቤት የወጣችው በሐመልማል ዕድሜ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ የተማረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያዙልኝ፤ ሐመልማል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊደሏም ይጋደማል።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ መምህር ይስማ ዘንድ ሄደች። «ለልጄ ዴስክ ስጧት።» መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። «በእኔ ክፍል ብቻ ሠላሳ ስምንት ልጅ ነው ድንጋይ ላይ ያለው። ዴስክ የሚሠራልን ጋሽ አምባዬ ነበር፤ እሱም መሥራት ካቆመ ቆየ።»

ወደ አናጢው ወደ ጋሽ አምባዬ ሄደች። ሽማግሌው ባዶ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው መጋዝ ይስላሉ።

«ጋሼ፣ ምነው ለልጆቹ ዴስክ ከለከሉ?»

«እኔ? እጄ ይኸው፣ መዶሻዬ ይኸው፣ ምስማሩም ይኸው። ሳንቃ ነው የሌለኝ፣ ልጄ። ሳንቃው የወረዳው መጋዘን ውስጥ ነው። ካልለቀቁልኝ ከምን ልሥራው፣ ከአየር?»

እንግዲህ መጋዘኑ ሳንቃ አይለቅም፤ አናጢው ዴስክ አይሠራም፤ ሐመልማል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊደሏም ይጋደማል።

ወረዳው ድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እታገኝ የአንድ ቀን ገበያዋን ትታ ሄደች። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል፣ ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ አሳየቻት። እታገኝ አፏን ከፍታ ቀረች። ሳንቃው ከወለል እስከ ጣራ ተደርድሯል፤ ገና አሁን የተሰነጠቀ ዛፍ ዛፍ ይሸታል። ያን ሁሉ ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህ ሁሉ እዚህ ተቀምጦ ልጄ ድንጋይ ላይ፣ አለች በልቧ።

«የኔ እህት፣ ሳንቃውን ልበላው አይደለም ያስቀመጥኩት» አለች ዘርፌ። «በደብዳቤ ነው የሚወጣው። ደብዳቤውን የሚጽፉት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሉት አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ለዋንዛ በር አልጻፉም።»

እንግዲህ ሹሙ ደብዳቤ አይጽፉም፤ መጋዘኑ ሳንቃ አይለቅም፤ አናጢው ዴስክ አይሠራም፤ ሐመልማል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊደሏም ይጋደማል። ደከማችሁ? እታገኝ በእግሯ ነው የሄደችው፤ እናንተ በጆሯችሁ ነው።

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ከዋንዛ በር መምጣቷን ስትነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ከዋንዛ በር! እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«ለምኑ?»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አሳዩዋት። ሃያ ሦስት ትምህርት ቤት በተርታ ተጽፏል፤ ከሁሉ በላይ ዋንዛ በር አለ፤ አጠገቡ ኮከብ ተሥሎለታል።

«ልጄ እኮ ድንጋይ ላይ ነው የምትቀመጠው።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «እንዴት ይሆናል? ርዕሰ መምህራንማ ሁሉም ሳንቃ ይላሉ፤ ማንን እንመን? ስለዚህ ልጁ የሚማርለትን ወላጅ እንጠይቅ ብለን ጥር ላይ መጠይቅ በተንን። ወላጅ ደካማ ነው ላለው ትምህርት ቤት ሳንቃ ይሄዳል። የእናንተ ወረቀት ግን በጣም ጥሩ ነው የሚለው። ወረቀቱ እንዲህ እያለ እኔ እንዴት አድርጌ ደብዳቤ እጽፋለሁ?»

እንግዲህ ወረቀቱ በጣም ጥሩ ይላል፤ ሹሙ ደብዳቤ አይጽፉም፤ መጋዘኑ ሳንቃ አይለቅም፤ አናጢው ዴስክ አይሠራም፤ ሐመልማል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊደሏም ይጋደማል።

እታገኝ ደሟ ፈላ። «የትኞቹ ወላጆች ናቸው እንዲህ ያሉት? ዓይን የላቸውም? ልጅ አልወለዱም? አሳዩኝ እስቲ።»

አቶ ልሳነወርቅ ከመደርደሪያው በሲባጎ የታሰረ ወረቀት አወጡ። አራት መቶ ነው። አቧራውን አራግፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከላይ ያለው ወረቀት ላይ፣ «የልጅዎ መቀመጫ እንዴት ነው?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ፣ በጣም ጥሩ በሚለው ሳጥን ውስጥ ትንሽ የራይት ምልክት አለች። ከራይቷ ጎን ደግሞ ቀይ የጣት አሻራ አለ። በርበሬ ነው።

እታገኝ አሻራውን አየች። ጣቷን አየች። እንደገና አሻራውን አየች።

ትዝ አላት። የገበያ ቀን ነበር፤ ገዢ ቆሞ ይጠብቃታል። ሐመልማል ወረቀቱን አምጥታ «መምህር ዛሬውኑ መልሱ ብለዋል» አለቻት። ወረቀቱ እንዴት ነው ይላል። ሰው እንዴት ነሽ ሲል ምን ይባላል? ትኩሳት ይዞን፣ ወገባችን ተቆርጦ፣ ቤታችን እያፈሰሰ እንኳ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምንለው። ክፉ ቃል ሰላምታ ላይ አይወጣንም። እታገኝም እንደ ደንቡ ራይት አድርጋ በርበሬዋን መስፈር ቀጠለች። አራት መቶው ወላጅ ሁሉ እንደዚያው አደረገ። መቀመጫውን ያየ አንድም አልነበረም፤ ወላጅ ከበር አያልፍም ነበርና።

ልብ በሉልኝ፣ ከበርበሬ ፍሬ የማትበልጥ ራይት ናት። ያን የሚያህል መጋዘን የቆለፈችው እሷ ናት። እታገኝ ራይት አደረገች፤ ወረቀቱ በጣም ጥሩ አለ፤ ሹሙ ደብዳቤ አልጻፉም፤ መጋዘኑ ሳንቃ አልለቀቀም፤ አናጢው ዴስክ አልሠራም፤ ሐመልማል ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፊደሏም ተጋደመ። እታገኝ ስትፈልገው የዋለችው ጥፋተኛ የገዛ ጣቷ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ይገርመኛል፤ ዛሬም ይገርመኛል።

«ስጡኝ፣ ልሰርዘው» አለች።

«ማኅተም አርፎበታል፣ ወይዘሮ እታገኝ። አይሰረዝም።»

ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«እንግዲያስ ፊቱ ሰላምታ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንግዳ ሲመጣብን ደህና ነን እንላለን። ቁጭ ካልን በኋላ ነው ጉዳችንን የምናወራው። እናንተ እንዴት ናችሁ አላችሁን፤ ደህና ስንላችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ። እስክንቀመጥ አልጠበቃችሁንም።»

አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን ተቀበሏት። ከዚያ ሲባጎውን መልሰው አሰሩና እሽጉን ብብታቸው ሥር አደረጉ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። ወላጆቹን ጥሪያቸው፤ እንቀመጣለን።» ይህን ሲሉ እርስዎ ማለቱ ጠፍቷቸው አንቺ አሏት፤ እሷም አልከፋትም።

ቅዳሜ ወላጅ ሁሉ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልፈው ክፍሎቹን አዩ። በሐመልማል ክፍል ሠላሳ ስምንት ድንጋይ በተርታ ተቀምጧል። አንዱ ድንጋይ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ አንዱ ላይ በጠመኔ ስም ተጽፎበታል። ባርኔጣ ያደረገ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል ነበር። እያንዳንዱ በየክፍሉ የልጁን ድንጋይ ጠይቆ ተቀመጠበት።

«አሁን ተቀምጠናል» አለች እታገኝ። «ወረቀቱን ገልብጡት።»

አቶ ልሳነወርቅ ለየባለቤቱ ወረቀቱን አደሉ። ወላጆቹ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው መጻፍ ጀመሩ፤ መጻፍ የማይችል ለልጁ እየነገረ አስጻፈ። አንድ ቁመተ ረጅም አባት ጉልበቱ አገጩን እየነካው ሦስት ቃል ጽፎ ቆመና ጽሑፉን ተመለከተው። «ይጋደምብኛል እኮ» አለ። የጎረቤቱም ተጋድሟል። የሁሉም ተጋድሟል። አራት መቶ ወረቀት፣ አንድም ቀጥ ያለ መስመር የለበትም። መምህር ይስማ ወደ መስኮቱ ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አቶ ልሳነወርቅ የሐመልማልን ድንጋይ ለመኑ። ተቀመጡበት። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፤ ደብዳቤውን እዚያው፣ ጉልበታቸው ላይ ጻፉት። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ማተሚያ የሚጽፉት ሰው ፊደላቸው ተንጋደደ። እንደገና አልጻፉትም፤ እንዲሁ ፈረሙበት።

«ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?» አለች ዘርፌ ሰኞ ዕለት ደብዳቤውን እያገላበጠች።

«የኔ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።»

ዘርፌ ቁልፏን ከአንገቷ አወለቀች። አሁን ያዙኝ፣ ነገሬ ወደ ኋላ ትሮጣለች። እታገኝ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ወረቀቱ እውነቱን ተናገረ፤ ሹሙ ደብዳቤ ጻፉ፤ መጋዘኑ ሳንቃ ለቀቀ፤ አናጢው ዴስክ ሠራ፤ ሐመልማል ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ፊደሏም ቀና። የሰኔውን ፈተና መምህር ይስማ ያለ መነጽር አነበቡት፤ አራተኛ ክፍል ገባች። ድንጋዮቹን ወላጆቹ አውጥተው በሩ አጠገብ ደረደሯቸው፤ አሁን ወላጅ ሲመጣ ይቀመጥባቸዋል።

በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ሐመልማል ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

«ትምህርት እንዴት ነው?» አለቻት እታገኝ።

«ጥሩ ነው።»

እታገኝ ሥራዋን ተወች። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ልጇ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ይኸው ተቀመጥኩ» አለች። «አሁን ንገሪኝ።»

ሐመልማልም ነገረቻት፤ እስኪመሽ አልጨረሰችም። የኔዋ ነገር ግን አለቀች፤ ረጅም መንገድ መጥታለችና ትረፍ፤ እናንተም ቁጭ በሉና የየቤታችሁን አውሩ።